ሦስተኛው ምስክር

ፍትሐዊነት የሚለው ቃል እንጀራዬ ነው። ለቀልድ አይደለም የምለው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ የምሠራው በአንድ የልማት አማካሪ ቢሮ ውስጥ ነው፤ የምበላው፣ የምለብሰው፣ የቤት ኪራይ የምከፍለው «ልማት ያለ ፍትሐዊነት ልማት አይባልም» እያልኩ ሥልጠና በመስጠት ነው። የመስቀል ፍላወር ሆቴሎችን አዳራሾች እንደ ጓዳዬ አውቃቸዋለሁ፤ የትኛው ማይክ እንደሚጮህ፣ የትኛው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እየመታው ሰው እንደሚያንቀላፋበት ሳይቀር። አንድ የምወደው ምሳሌ አለኝ። ለሁለት ሰዎች አርባ ቁጥር ጫማ ተሰጣቸው፤ የአንደኛው እግር ሠላሳ ስድስት ነው፣ የሌላው አርባ አራት። «እኩል ደርሷቸዋል። ግን ማን መንገድ ጀመረ?» እልና ዝም እላለሁ። ሰው ይስቃል፤ ከዚያ ይጽፋል። ምሳሌውን ራሴ ስለፈጠርኩት ስኮራበት ኖሬያለሁ። አሁን ግን እዚያ ስላይድ ላይ ስደርስ የሰው ፊት ማየት አልችልም፤ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ አልፈዋለሁ።

ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ግቢያችን አምስት የቀበሌ ቤት፣ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት ነበረው። እኔና እናቴ ከበሩ ስትገባ በስተቀኝ ያለችው ቤት ውስጥ ነበርን። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የመሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ፊት ለፊታችን አንድ ጡረተኛ ሹፌር ይኖሩ ነበር፤ ከእሳቸው ቤት ጀርባ ደግሞ ድሮ ማድ ቤት የነበረች አንዲት ክፍል ነበረች። እትዬ የምትኖረው እዚያች ክፍል ውስጥ ነበር።

ግቢው በሙሉ እትዬ ብቻ ነው የሚላት። ከወሎ የመጣችው ገና በልጅነቷ ነው፤ ማድ ቤቷን ሽማግሌው ሹፌር ሲፈቅዱላት በገዛ እጇ መርጋ፣ በኋላ በኩል በር አውጥታ፣ ጣሪያዋን ሁለት ጊዜ አስቀይራ ኖራባታለች። እኔ ስወለድ እዚያ ነበረች። ሥራዋ ልብስ ማጠብ ነው። የሠፈሩን ቤተሰቦች ልብስ፣ የፀጉር ቤቱን ፎጣ፣ አልፎ አልፎም ከትንንሾቹ ፔንሲዮኖች አንሶላ ትቀበላለች። የማን ልብስ የማን እንደሆነ እንዳይጠፋባት በየቤተሰቡ የክር ቀለም መርጣ ውስጥ ውስጡን ትሰፋበታለች። «እኔ የሰውን ኑሮ ከኮሌታው ነው የማውቀው» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ማን ሥራ እንደፈታና ማን እንደተሾመ ከእናቴ ቀድማ ታውቅ ነበር። እናቴ ጎህ ሳይቀድ ስለምትወጣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የምታጥብልኝ እትዬ ነበረች። ከእኛ ቤት አንድም ቀን ክፍያ ተቀብላ አታውቅም። እኔም ይህን እንደ ውለታ ቆጥሬው አላውቅም። በቅርብ ያለ ጸበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

ካዛንቺስ ሊፈርስ ነው የሚለው ወሬ ስንት ዓመት ሲወራ ኖረ። ሰው ወሬውን ለምዶት ነበር። በኋላ አንድ ጠዋት በየበሩ ላይ ቀለም ተቀባ፣ ስብሰባም ተጠራ። ነዋሪውን ቤት ለቤት እየዞረ የሚመዘግብ የተማረ ሰው ስለጠፋ ከቢሮአችን ሁለት ሰው ተጠየቀ። አለቃዬ «አንቺ ሠፈሩን ታውቂዋለሽ» ብሎ እኔን ከአንድ ዝምተኛ ባልደረባዬ ጋር መደበን። ደስ አለኝ። ዓመት ሙሉ በስላይድ የማወራውን አንድ ጊዜ እንኳ መሬት ላይ ላየው ነው ብዬ ተነሳሁ።

ደስታዬ የቆየው እስከ መጀመሪያው ስብሰባ ነው። አዳራሹ ሞልቷል። አስተባባሪው እኔንና ባልደረባዬን ሲያስተዋውቅ አንዲት ጠይም ሴት ከኋላ ተነስታ ጮኸች።

«ይቺ እኮ የዚሁ ሠፈር ልጅ ናት! በቃ፣ ጎረቤቶቿን ልትጠቃቅም ነው የመጣችው!»

አዳራሹ አጉረመረመ፤ አንዳንዱም አጨበጨበ። እኔ ደግሞ ስሜን የሚነካ ሰው አልወድም። ሌባ ከምባል ደንቆሮ ብባል ይሻለኛል። ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ምን መለስኩ? ማይኩን ተቀበልኩና «እኔ እዚህ የመጣሁት ለማንም አይደለም፤ እናቴንም ቢሆን እንደ ማንኛውም ሰው ነው የማያት» አልኩ። አሁን እኔን አጨበጨቡልኝ። ያ ጭብጨባ ያበላሸኝ ይመስለኛል።

የምዝገባው አሠራር ቀላል ነበር። ለአንድ የቤት ቁጥር አንድ ፎርም። ላይኛው መስመር ላይ የቤቱ ባለመብት ይጻፋል፤ ከሥር አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ይዘረዘራሉ፤ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ «ቤተሰብ» ወይም «ደባል» ይባላል። ቤተሰብ የቤቱን ስፋት ይወስናል። ደባል፣ ማለትም ሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር፣ ምትክ ቤት አያገኝም። ከፎርሙ ጀርባ ግን አንድ ገጽ ነበረች። ለብቻው በር ባለው ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ራሱን ችሎ የኖረ ሰው ካለ፣ ሦስት ጎረቤቶች መስክረውለት መዝጋቢው አስተያየቱን ከጻፈ፣ ጉዳዩ ለብቻ ይታይለታል። ያቺ ገጽ እንድትጨመር የተከራከርኩት እኔ ነኝ። በዝግጅት ስብሰባው ላይ ተነስቼ ስለ ጫማው ቁጥር ሳይቀር አውርቼ ነበር። ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አልችልም።

የራሴን ቤተሰብ እኔ መመዝገብ ስለማልችል የእናቴን ፎርም ባልደረባዬ ሞላው። ጠዋት ነበር። እናቴ በሩ ላይ ዱካ አውጥታ ተቀምጣለች፤ እኔ ከጎኗ ቆሜአለሁ፤ እትዬ ቧንቧው ዳር ሳፋ ላይ አጎንብሳ ታጥባለች።

«ስንት ሰው ነው የሚኖረው እማማ?» አላት ባልደረባዬ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ከዚያ ቤት ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ወሎ ሰፈር ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ይህን ባልደረባዬ አያውቅም፤ መታወቂያዬ አሁንም በእናቴ ቤት አድራሻ ነው። እናቴ ብቻዋን ከሆነች የሚደርሳት ስቱዲዮ ነው፤ ከልጇ ጋር ከሆነች ባለ ሁለት መኝታ ነው። ይህንንም ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዝም አልኩ። እናቴም ዝም አለች። ባልደረባዬ ብዕሩን ይዞ ጠበቀ።

«እንዴ! እሷማ የት ትሄዳለች?» አለች እትዬ ከሳፋው ላይ ቀና ብላ፣ እጇ ላይ አረፋ እንዳለ። «ልብሷን የማጥበው እኔ አይደለሁም እንዴ? ይኸው ሱሪዋ! ያ የተሰጣው የማን ነው?»

ሽቦው ላይ የተሰጣው ሱሪ የእኔ ነበር። በየሳምንቱ የቆሸሸ ልብሴን በፌስታል አጭቄ ከወሎ ሰፈር በታክሲ እያመጣሁ ለእትዬ እሰጣት ነበር። ባልደረባዬ ሳቀ፤ «ልብሱ ካለ ሰውየውም አለ» ብሎ ጻፈኝ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። እኔ አልቆረስኩም፤ ሲቆረስልኝ ግን እጄን አልሰበሰብኩም። ለሳምንታት ይህን ልዩነት ትልቅ ነገር አድርጌ ለራሴ ሳወራ ከርሜአለሁ።

በማግስቱ የሽማግሌውን ቤት እኔ መዘገብኩ። ሽማግሌው ገና ስማቸውን ስጠይቃቸው ተቻኮሉ። «ልጄ፣ እሷን ከእኔ ጋር እንዳትደርቢያት። ራሷን ችላ ነው የኖረችው። መብራት እንኳ ለብቻዋ ነው ያስገባችው» አሉኝ። እትዬ ተዘጋጅታ ነበር። ንጹሕ ሻርፕ አድርጋለች፤ የእድር ደብተሯን በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ምስክሮቿም መጥተዋል፤ የእድራችን ዳኛ፣ በሩ ላይ ሱቅ ያላቸው ሰውዬ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ እናቴ። እናቴ ጥሩ ጫማዋን አድርጋ ነበር።

የጀርባውን ገጽ ገለጥኩ። የእድሩን ዳኛ ስም ጻፍኩ። የባለሱቁን ስም ጻፍኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ብዕሬ ቆመ። አሁን እንደ ፊልም ነው የሚታየኝ። ባልደረባዬ ከጎኔ ቆሟል። ትናንት ይቺ ሴት ለእኔ መሰከረች፤ ዛሬ እናቴ ለእሷ ልትመሰክር ነው። ይህን ገጽ የሚያይ ኮሚቴ የምስክሯን ስም አይቶ የእናቴን ፎርም ይጎትታል። የእናቴን ፎርም ከጎተተ የእኔን ስም ያገኛል። የዚያች አዳራሽ ውስጥ የጮኸች ሴት ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። መፍትሔው እኮ ደጅ ላይ ነበር። «እናቴ አትሆንም፤ ሌላ ሰው ጥሪ» ብላት፣ እትዬ ግማሹን ካዛንቺስ ሰብስባ ትመጣ ነበር። እሱንም አላልኩ። ሌላ ምስክር ቢመጣም ገጹ ከተሞላ ግቢያችን ዓይን ውስጥ ይገባል ብዬ ፈራሁ። ገጹን መለስኩት። ፊት ለፊት ባለው ዝርዝር ላይ ስሟን ጻፍኩ፤ በትይዩው «ደባል» አልኩ።

እትዬ ጎንበስ ብላ አየች። ከፊደል ስሟን ለይታ ታውቃለች፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማረችው እሱን ብቻ ነው። ጣቷን ስሟ ላይ አሳረፈችና ሳቀች።

«ይኸውና ስሜ! አልሃምዱሊላህ።»

«እኔስ የት ጋ ልፈርም?» አለች እናቴ።

«አያስፈልግም፤ ጨርሰናል» አልኳት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ከግቢው ስንወጣ ባልደረባዬ የጀርባውን ገጽ ለምን እንደተውኩት ጠየቀኝ። «ምስክር አልተሟላም» አልኩት። ደግሞም ኮስተር ብዬ ነው የመለስኩት። «አንቺ ጠንካራ ነሽ» አለኝ። ያን ቀን ቢሮ ገብቼ ምሳ በልቻለሁ፤ በደንብ በልቻለሁ።

ከወራት በኋላ ስም ዝርዝር ተለጠፈ። እናቴ ባለ ሁለት መኝታ ደረሳት። ሽማግሌውም ደረሳቸው። እትዬ ሦስት ጊዜ ሄዳ ግድግዳውን አይታ መጣች። ሦስተኛ ጊዜ የባለሱቁን ሰውዬ ይዛ ሄዳ እሳቸው አነበቡላት። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች፤ ለእናቴ ዕቃ ላሸክፍ መጥቼ ግቢው ውስጥ ነበርኩ።

«ስሜን አይቼው ነበር እኮ» አለችኝ። «አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው?»

«ጽፌሻለሁ እትዬ። ማለቴ... ደባል ተብለሽ ነው የተመዘገብሽው።»

«ማነው ያለው?»

«ፎርሙ ነው» አልኳት።

ፎርሙ! እኔ ነኝ እንግዲህ ይህን ያልኩት። እትዬ ትንሽ አሰበችና «ፎርም አፍ አለው እንዴ?» አለች። እየቀለደች አልነበረም፤ እንዲገባት ነበር የጠየቀችው። መመሪያ፣ መስፈርት፣ ማስረጃ እያልኩ አወራሁላት። የምኮራበትን አፌን ሁሉ አዘነብኩባት። «እሺ የኔ ልጅ፣ መመሪያ ከሆነ ምን ይደረጋል» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ይሁን እንጂ እትዬ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። በማግስቱ ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ሄደች። እዚያ ያለው ሰው ጥሩ ሰው ነበር መሰለኝ፤ «የመዘገበሽ ሰው መጥቶ ተሳስቼ ነበር ብሎ ከፈረመ ጉዳይሽ ይታያል፤ ቀነ ገደቡ ግን ዓርብ ነው» አላት። እየሮጠች መጣች ማለት ይቻላል። ፊቷ በርቶ ነበር።

«ቀላል ነው አሉ እኮ! የምትፈርሚው አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የት አገኘው ነበር? አላህ ሲያግዝ እንዲህ ነው።»

«ነገ እመጣለሁ» አልኳት።

ነገ የተባለው ቀን ሥልጠና ነበረኝ። መስቀል ፍላወር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ስለ ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍሎች። ስልኬን ዘግቼ ያስተማርኩበት ምክንያት ደንብ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ግን ስልኬን ዘግቼ አስተምሬ አላውቅም። በማግስቱ አሞኛል አልኩ። ሐሙስ ቀን ተነሳሁ፤ እውነቴን ነው፣ ልፈርም ነው የተነሳሁት። ቢሮው በር ድረስ ደረስኩ። አግዳሚው ላይ ያቺ አዳራሽ ውስጥ የጮኸችው ሴት የራሷን ቅሬታ ይዛ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ። ተመልሳ ወረቀቷን ታይ ጀመር። እኔ ግን የረሳው ነገር እንዳለ ሰው ቦርሳዬን ፈተሽኩ፣ ዞርኩ፣ ወጣሁ። በእግሬ እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ ወረድኩና ሰው ታክሲ ሲሳፈር እያየሁ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ዓርብም አለፈ።

እትዬ አልተቆጣችኝም። ይህ ነው የሚገርመኝ፣ የሚያናድደኝም። ብትሰድበኝ እኔም እመልስ ነበር፤ መልስ መስጠት አያቅተኝም። እናቴ እንደነገረችኝ «ሥራ በዝቶባት ነው፤ የተማረ ሰው መቼ ጊዜ አለው?» ብላ ነው ያለፈችው። ደግሞ ልንወጣ ሦስት ቀን ሲቀረን መጋረጃችንን በሙሉ አውርዳ አጠበችልን። አዲስ ቤት በቆሻሻ መጋረጃ አይገባም አለች። እኔ የአይሱዙ መኪና ተከራይቼ ስመጣ መጋረጃዎቹ ተጣጥፈው፣ በነጠላ ታስረው በሩ ላይ ነበሩ። እሷ የራሷን ዕቃ ገና አላነሳችም። የት እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃት ትነግረኛለች ብዬ ፈርቼ ነው።

ሽማግሌው ከእኔ ጋር ትሁን ብለው ነበር። ነገር ግን ቤት ደረሳቸው ሲባል ለዓመታት በራፋቸውን ያልረገጡ ልጆቻቸው መጡ፤ ቤቱ በሁለት ቀን ውስጥ ሞላ። እትዬ ከከተማው ዳር፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ በእግር የሚገባበት ቦታ፣ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየች። መጀመሪያ ላይ በሁለት ታክሲ ካዛንቺስ እየመጣች ልሥራ ብላ ሞክራ ነበር። ግን ማን ዘንድ? ያ ኮሌታውን የምታውቀው ሰው አብዛኛው ከሠፈሩ ወጥቷል፤ ፀጉር ቤቱ የለም፤ ቧንቧው የለም፤ ሽቦው የለም። የቀሩት ጥቂት ደንበኞች ልብስ ይዘሽ ሂጂ ቢሏትም፣ የአንሶላ ክምር የተሸከመችን ሴት የትኛው ታክሲ ነው የሚያስገባት? እኛ በሥልጠና ላይ «መተዳደሪያ» እያልን በአንድ ቃል የምንጨርሰው ነገር ለእሷ ይህ ሁሉ ነበር። ክፍሏን ብቻ አይደለም ያስነጠቅኳት። ቤት ቢደርሳት ኖሮ ቢያንስ ኪራይ አያሳስባትም ነበር፤ ከእኛ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ይደርሳት ነበር፣ ግማሹ ደንበኛዋም እዚያው ነው።

የእናቴ አዲሱ ቤት ጥሩ ቤት ነው። ሁለተኛዋ መኝታ ቤት፣ በእኔ ስም የተገኘችው፣ ባዶ ናት። እናቴ ስትጠርግ እንኳ በሩን ከፍታ ትዘጋዋለች እንጂ አትገባም። እኔ አሁንም ወሎ ሰፈር ነኝ። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፤ ሶፋው ላይ እተኛለሁ። አንድ እሑድ ምሳ ስንበላ እናቴ ጉርሻ ይዛ ቆመችና «ግን እትዬ ለምን ይሆን ያልደረሳት? ምስክር አሟልተን አልነበረም?» አለች።

ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እናቴ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«የት ልፈርም ስልሽ ጨርሰናል አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«እኔ እኮ የጻፍሽልኝ መስሎኝ... ፊቷን እያየሁ፣ አይዞሽ ስላት ከረምኩ።»  እናቴን ስትቆጣ አውቃታለሁ፤ ይህ ግን ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ አፍራብኝ ነበር።

«ፎርምሽን ያዩታል ብዬ ነው። ቤትሽን እንዳይነኩብሽ ብዬ...»

«እኔን መደበቂያ አታድርጊኝ!» አለችኝ። «ሂጂና ተናገሪ። ክፍሉን ከፈለጉ ይውሰዱት፤ እኔ በስቱዲዮ አልሞትም። የምትፈሪው ለእኔ አይደለም።»

እውነቷን ነበር። የምፈራው ለስሜ ነው። ሰው «ፍትሐዊነት» እያለ የሚጠራት ሴት፣ በእናቷ ፎርም ላይ በውሸት ተጽፋ ያሳደገቻትን ሴት ሜዳ ላይ ጣለች መባልን ነው የምፈራው። ሥራዬን ነው የምፈራው።

በማግስቱ እትዬ ጋ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ለብቻዋ ትልቅ ብርድ ልብስ ስትጨምቅ ደረስኩ፤ አጠገቡ ሕንፃ ለሚሠሩ ሰዎች ነው የምታጥበው። ስታየኝ ሳቀች። ሰላም ከተባባልን በኋላ «ነይ፣ በዚያ ጫፍ ያዥልኝ» አለች። ያዝኩ። እሷ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ እያጠመዘዝን ነገርኳት። ውሃው እግሬ ላይ ይወርዳል፤ እኔ አወራለሁ። ስለ ሦስተኛው መስመር፣ ስለ ደባል፣ ሐሙስ ቀን ከበር ስለመመለሴ። እጇ አላቆመም። ጨርሰን ሽቦው ላይ ዘረጋነው። ከዚያ ይዤው የመጣሁትን አሳብ አወጣሁ፤ እናቴ ዘንድ ባዶ ክፍል አለ፣ ነይና ከእሷ ጋር ኑሪ አልኳት። እንደ ትልቅ ስጦታ ነበር ይዤው የመጣሁት።

እትዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ደባል ብለሽ ጽፈሽኝ፣ አሁን ደግሞ ደባል ልታደርጊኝ ነው?»

የተሰጣውን ብርድ ልብስ ጫፍ ማስተካከል ጀመርኩ።

«እናትሽን እወዳታለሁ። ግን ሰው ቤት አልገባም። ያቺን ማድ ቤት ቤት ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ ታውቂያለሽ፣ አይተሻል። ሄደሽ ያየሽውን ተናገሪ። ቤት ይስጡኝ አይስጡኝ የአላህ ነው። እዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈችው ሴት ግን እኔ አይደለሁም።» ሳፋውን ደፍታ አስቀመጠችና «ስሜ ሲጻፍ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች፤ ያን ጊዜ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ እንባ ግን ለማን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ታክሲ ሳይጠፋብሽ ብላ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ።

ከዚያ ቅሬታ ሰሚው ቢሮ ደወልኩ። ስሜን ሳልናገር ነው የጠየቅኩት። ቀኑ ቢያልፍም የመዝጋቢ ስህተት ከሆነ በማመልከቻ ይታያል፤ ነገር ግን የዚያ ግቢ ፎርሞች በሙሉ እንደገና ይመረመራሉ አሉኝ። አንድ ገጽ ማመልከቻ ይበቃል። ፊርማ፣ ስም፣ ስልክ ቁጥር። አመስግኜ ዘጋሁ።

በዚያው ሳምንት ወረቀት አቅርቤ ተቀመጥኩ። ማመልከቻ መጻፍ አያቅተኝም፤ ለሌላ ሰው ስንቱን ጽፌአለሁ። ቀኑን ጻፍኩ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ጻፍኩ፣ «ጉዳዩ፦» ብዬ አሰመርኩበት። ከዚያ በፊት ነገሩን ለራሴ ላጥራው፣ ከየት እንደጀመረ ላስታውስ ብዬ ሌላ ወረቀት ሳብኩና ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ስንት ቀን ሆነኝ፤ አንድ ቃል ሳነሳ፣ አንድ ቃል ስጥል። እትዬ አሁንም እዚያ ጭቃ ክፍል ውስጥ ናት፤ ክረምቱም እየገባ ነው። ይህን ጨርሻለሁ። ማመልከቻው አሁንም «ጉዳዩ፦» ላይ ነው።